ሲሊያ፦ ታይታ ሳትታወቅ የኖረች የሕዋስ አካል

ኦክቶበር 9 ቀን 1676 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሆላንድ የዴልፍት ከተማ ነዋሪ የሆነ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ስሙ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም፤ ከአፍ መፍቻው ከደች በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። በገዛ እጁ የሠራቸው ባለ አንድ ሌንስ ማይክሮስኮፖች ግን በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቁ ነበሩ። በደብዳቤው በዝናብ ውኃ፣ በጉድጓድ ውኃ፣ በባሕር ውኃና ቁንዶ በርበሬ በተዘፈዘፈበት ውኃ ውስጥ ያያቸውን፣ ለዓይን የማይገለጡ ሕያዋን ዘረዘረ። አንዳንዶቹ ለማመን የሚያዳግት ቅጥነት ያላቸው ትናንሽ እግሮች እንዳሏቸው፣ በእነርሱም በፍጥነት እንደሚሮጡ ገለጸ።

እነዚያ እግሮች ዛሬ ሲሊያ የምንላቸው ናቸው። ሲሊያ ከሕዋስ ወለል ላይ የምትበቅል ፀጉር መሰል ክር ናት። ስፋቷ 0.25 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። በኩሬ ውኃ የሚኖረውን ፓራሚሲየም የምታስኬደው እርሷ ናት። በመተንፈሻ ቱቦዎቻችን አቧራና ጀርም የያዘውን አክታ ወደ ጉሮሮ የምትገፋው፣ በማህፀን ቱቦ ውስጥ እንቁላልን ወደ ማህፀን ከሚያሻግሩት ኃይሎች አንዷ፣ በፅንስ ውስጥም ልብ በግራ በኩል እንዲውል መንገዱን የምትጠርገው እርሷው ናት። አፍንጫችን ሽታን፣ የዓይናችን ሕዋሳትም ብርሃንን የሚቀበሉት በሲሊያ አማካይነት ነው።

የዚህችን አካል የምርምር መዛግብት በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው አንድ ጉዳይ ሳያስደንቀው አይቀርም። ሲሊያ ከ300 ዓመታት በላይ በተመልካቾች ዓይን ሥር ነበረች። ምንነቷ ሳይታወቅ መቆየቱ የመሣሪያ ድክመት ብቻ ያመጣው አልነበረም፤ ሊቃውንቱ የሚጠይቁት ጥያቄም ያገዳቸው ነበር። ሲሊያ ማለት የሚንቀሳቀስና የሚያንቀሳቅስ አካል ነው ብለው ስለደመደሙ፣ የማትንቀሳቀሰዋን ሲሊያ እያዩ ለ100 ዓመታት ያህል አለፏት። ይህ ጽሑፍ የምትንቀሳቀሰዋንም የማትንቀሳቀሰዋንም ሲሊያ ታሪክ ከመዝገቡ ተከትሎ ይተርካል።

የዴልፍቱ ነጋዴና ምስክሮቹ

የሮያል ሶሳይቲው ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ የደብዳቤውን ዋና ዋና ክፍሎች ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1677 በማኅበሩ መጽሔት አሳተመ። አንባቢዎቹ ወዲያው አላመኑም። ሌቨንሁክ ምርጥ መሣሪያውንና የአመለካከት ዘዴውን ለማንም ስለማይገልጽ፣ ለንደን ያሉት ሊቃውንት ያንኑ ለማየት ተቸገሩ። እርሱም በመሣሪያው የተመለከቱ የታወቁ ሰዎችን፣ ከእነርሱም መካከል የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን፣ የጽሑፍ ምስክርነት ላከ። ጉዳዩ እልባት ያገኘው በኖቬምበር 1677 ነው። የማኅበሩ አባል ሮበርት ሁክ ቁንዶ በርበሬ ከተዘፈዘፈበት ውኃ ጠብታ ወስዶ ትናንሾቹን ፍጥረታት በሌሎቹ አባላት ፊት አሳየ።

ሰነዶቹን ልብ ብሎ ለሚያነብ፣ የክርክሩ ጭብጥ ፍጥረታቱ አሉ ወይስ የሉም የሚል ነበር። እግሮቹን ምን ያንቀሳቅሳቸዋል ብሎ የጠየቀ የለም። ፍጥረታቱ እንስሳት ከተባሉ ዘንድ፣ እንስሳ እግር ቢኖረው ማንንም አይደንቅም። ጥያቄው እንዲነሣ ሲሊያን ከሙሉ እንስሳ ነጥሎ ማየት ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠው ሌላው ደች፣ ሐኪሙ አንቶኒየስ ደ ሃይደ ነው። በ1680ዎቹ ሙሰል የተባለውን፣ በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ ሰውነት ሲመረምር፣ እንስሳው የሚተነፍስበት ስስ ሽፋን ላይ የማያቋርጥ መርገብገብ አየ። እንቅስቃሴው ሽፋኑ ከአካሉ ተቆርጦ ሲወጣም አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ባለው ምዕተ ዓመት ዋናው ሥራ መለየትና መሰየም ሆነ። ዴንማርካዊው ኦቶ ፍሬድሪክ ሙለር በውኃ ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ሕያዋን በዝርያ በዝርያ መድቦ የጻፈው መጽሐፍ፣ እርሱ በ1784 ካረፈ በኋላ በ1786 ታተመ። ሲሊያ የሚለው ስያሜ ለእነዚህ ክሮች የተሰጠው በዚህ ሥራ ውስጥ ነው። ስም አገኙ፤ አሠራራቸው ግን ገና አልተጠየቀም ነበር።

ከምጽዋ ተመልሶ ኩሬ ያጠናው ሊቅ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ጥቃቅን ሕያዋን ከማንም በላይ የጻፈው ጀርመናዊው ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ የእኛንም አካባቢ ረግጧል። ከ1820 እስከ 1825 ከወዳጁ ከቪልሄልም ሄምፕሪሽ ጋር በግብፅ፣ በዓባይ ሸለቆና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች እየተዘዋወረ ዕፅዋትና እንስሳት ሰበሰበ። ጉዞው ብዙ የቡድኑን አባላት በሕመም የጨረሰ መራራ ጉዞ ነበር። በመጨረሻም ጁን 30 ቀን 1825፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1817 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሄምፕሪሽ ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ዘመኑ በደጋው ኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ኤረንበርግ የወዳጁን ሥራ ጭምር ተሸክሞ ወደ በርሊን ተመለሰ።

በ1838 ያሳተመው ታላቅ መጽሐፉ 64 ባለ ቀለም የሥዕል ገጾች አሉት። ኤረንበርግ ያደረገው ሙከራ ቀላልና ብልሃት የተሞላበት ነበር። ሰማያዊና ቀይ ቀለም በደቃቁ ፈጭቶ ውኃው ውስጥ ጨመረ። የቀለሙ ብናኞች ሲሊያዎቹ በሚፈጥሩት ማዕበል እየተጠረጉ ወደ ፍጥረቱ አፍ ሲጎርፉ፣ ከዚያም በሰውነቱ ውስጥ በትናንሽ ክብ ከረጢቶች ሲጠራቀሙ ታዩ። ሲሊያ ከማስኬድም አልፋ ምግብ እንደምትሰበስብ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አልነበረም።

ያየው ትክክል ነበር፤ የሰጠው ትርጓሜ ግን አልጸናም። ኤረንበርግ እነዚህ ፍጥረታት ልክ እንደ ትልልቅ እንስሳት ሙሉ የአካል ክፍሎች አሏቸው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ከረጢቶቹን ጨጓራ አላቸው፤ ሲሊያዎቹንም ከሥራቸው ጡንቻ የሚያንቀሳቅሳቸው አድርጎ አሰበ። ፈረንሳዊው ፌሊክስ ዱዣርደን ከ1835 ጀምሮ ተቃወመው። ዱዣርደን ያየው ጨጓራም ጡንቻም ሳይሆን፣ ሕይወት ያለውን ወጥና ዝልግልግ ቁስ ነበር። የሕዋስ ንድፈ ሐሳብ ሲጎለብት ፍርዱ ለዱዣርደን ሆነ። ይሁንና የእርሱ ድል አዲስና ከባድ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ጡንቻ ከሌለ ሲሊያን ምን ያንቀሳቅሳታል?

በ1834 ጥያቄው ወደ ራሳችን አካል ዘለቀ። በብሬስላው፣ የዛሬዋ የፖላንድ ቭሮትስዋፍ፣ ቼካዊው ያን ፑርኪንየና ተማሪው ጋብሪየል ቫለንቲን የጥንቸልን የማህፀን ቱቦ ሲመረምሩ፣ በኩሬ ውስጥ ፍጥረታት ላይ የታወቀውን መርገብገብ በአጥቢ እንስሳ ሥጋ ላይ አገኙ። ከዚያም በመተንፈሻ አካላት ላይ ደገሙት። እንቅስቃሴው ከእንስሳው ሞት በኋላም ይቀጥላል፤ ከአካሉ የተቆረጠች ትንሽ ቁራጭም ላይ አይቆምም። ነርቭም ልብም አያዝዙትም ማለት ነው። በዚያው ዘመን በስኮትላንድ ዊልያም ሻርፒ በእንቁራሪት እጭና በሌሎች እንስሳት ላይ ያደረገውን ምርመራ በ1830 አሳትሞ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ስለ ሲሊያ እስከዚያ የታወቀውን ሁሉ በአንድ ሰፊ የኢንሳይክሎፒዲያ ጽሑፍ አሰባሰበው።

ከእነዚህ ሥራዎች በመነሣት የእንቅስቃሴው መልክ ቀስ በቀስ ተለየ። ሲሊያዋ ስትገፋ ቀጥ ብላ ፈሳሹን ትመታለች፤ ስትመለስ ጎብጣ ወደ ሕዋሱ ወለል ተጠግታ ታልፋለች። የሄደችበትና የተመለሰችበት መንገድ አንድ ቢሆን ኖሮ የገፋችውን ፈሳሽ መልሳ ባመጣችው ነበር። ጎረቤት ሲሊያዎች ደግሞ በአንድ ጊዜ አይመቱም። አንዷ ከሌላዋ ጥቂት ዘግየት እያለች ስትከተል፣ ነፋስ በጤፍ ማሳ ላይ እንደሚያስኬደው ያለ ሞገድ ወለሉን አቋርጦ ይሄዳል። በሰው መተንፈሻ ቱቦ ውስጥ አንድ ሕዋስ 200 ያህል ሲሊያ ይሸከማል፤ እያንዳንዷም በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ትመታለች።

ዘጠኝና ሁለት

የውስጧን አሠራር ለማየት ግን ብርሃን ራሱ እንቅፋት ሆነ። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ እርስ በርሳቸው ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የተቀራረቡ ነገሮችን ለይቶ አያሳይም። የሲሊያ ጠቅላላ ስፋት ከዚህ ብዙም ስለማይበልጥ፣ በውስጧ ያለው ሁሉ ተደበላልቆ ይቀራል። የጨለማው መጋረጃ የተገለጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። በ1888 ጀርመናዊው ኤሚል ባሎቪትስ የወፍን የወንዴ ዘር ጅራት ሲመረምር፣ ጅራቱ ተፈትሎ ወደ 11 የሚጠጉ ቀጫጭን ክሮች ሲሆን አየ። የወንዴ ዘር ጅራትና ሲሊያ በአሠራራቸው አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው በርዝመትና በአመታት ነው። የባሎቪትስ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ግን ከ60 ዓመታት በላይ መጠበቅ አስፈለገ።

መልሱ የመጣው ከእንግሊዟ ሊድስ ከተማ፣ ከዕፅዋት ተመራማሪዋ ከአይሪን ማንተን ነው። ማንተን ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የመጣችው የፈርን ዕፅዋትን ክሮሞሶም በማጥናት ስሟን ካስጠራች በኋላ ነበር። በ1952 ከሥራ ባልደረባዋ ከክላርክ ጋር ስፋግነም የተባለውን፣ በረግረግ ላይ የሚበቅል አበባ አልባ ተክል የወንዴ ዘር መረመረች። ጅራቱ ተበትኖ ሲታይ 11 ክሮች ተቆጠሩ፤ ሁለቱ ከሌሎቹ የተለዩ ነበሩ። ማንተን ከተበተኑት ክሮች ተነሥታ የጅራቱን ቅርጽ በአሳብ መልሳ ገጣጠመችው። ዘጠኙ በዙሪያ በቀለበት ይቆማሉ፤ ሁለቱ መሐል ይሆናሉ። በዙሪያ ያሉት ዘጠኙ ደግሞ እያንዳንዳቸው ጥንድ ናቸው።

በ1954 በአሜሪካ ዶን ፎሴትና ኪት ፖርተር በእጅግ ስስ የተከተፉ ናሙናዎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው፣ ከሙሰል ዘመዶች እስከ አጥቢ እንስሳት ድረስ ያንኑ ሥርዓት አገኙ። የረግረግ ተክል፣ ኩሬ ውስጥ የሚዋኝ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረትና የሰው መተንፈሻ ቱቦ በአንድ ንድፍ የተሠራ አካል አላቸው ማለት ነው። ይህ ንድፍ ዕፅዋትና እንስሳት ከመለያየታቸው በፊት ከነበረ የጋራ ቅድመ አያት የተወረሰ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። በአንድ ፍጥረት ላይ የተገኘው እውቀት ለሌላው ያገለገለው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥም ደጋግሞ የምናየው መሻገር ሊሆን የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ንድፉ ከታወቀ በኋላ የሞተሩ ፍለጋ ተጀመረ። በ1959 ስዊድናዊው ቢዮርን አፍዜሊየስ የባሕር ጃርት የወንዴ ዘር ጅራትን በአዲስ የማዘጋጃ ዘዴ ሲመለከት፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ ቱቦ፣ ማለትም ማንተን ክር ካለችው፣ ወደ ጎረቤቱ የተዘረጉ ትናንሽ ክንዶች አየ። ከአምስት ዓመታት በፊት የጡንቻ ክሮች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ እንደሚሠሩ ታውቆ ስለነበር፣ በሲሊያም ውስጥ ቱቦዎቹ በእነዚህ ክንዶች እየተገፉ ይንሸራተቱ ይሆናል የሚል ሐሳብ ብቅ አለ።

ሐሳቡን ወደ ማስረጃ የለወጠው በሃርቫርድ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ኢያን ጊበንስ ነው። ቴትራሃይሜና ከተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ሲሊያዎችን ነጥሎ ሽፋናቸውን አሟሟ። በመቀጠል በተመረጠ ፈሳሽ አጥቦ ክንዶቹ ከቱቦዎቹ እንዲላቀቁ አደረገ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክንዶቹ የሉም፤ በፈሳሹ ውስጥ ግን ኤ.ቲ.ፒ. የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ የሚሰብር ፕሮቲን ተገኘ። ፕሮቲኑን መልሶ ከቱቦዎቹ ጋር ሲያገናኘው ክንዶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የ1963ቱ ይህ ሙከራ ነጥቆ በመመለስ የተረጋገጠ በመሆኑ እስከ ዛሬ ከሕዋስ ሳይንስ ጥሩ ሙከራዎች መካከል ይቆጠራል። ጊበንስና አርተር ሮው በ1965 ፕሮቲኑን ዳይኒን ብለው ጠሩት።

ቱቦዎቹ ይንሸራተታሉ ወይስ ይኮማተራሉ የሚለውን ደግሞ ፒተር ሳቲር ወደ ፍርድ አቀረበው። ቢኮማተሩ ኖሮ ሲሊያዋ በጎበጠችበት ወገን ያሉት ቱቦዎች ማጠር ነበረባቸው። ቢንሸራተቱ ግን ርዝመታቸው ሳይለወጥ ጫፎቻቸው ብቻ ይበላለጣሉ። ሳቲር በ1965 እና በ1968 ባወጣቸው ጥናቶች የሙሰል ሲሊያዎችን በተለያየ የአመታት ደረጃ ባሉበት አጽንቶ ጫፎቻቸውን ሲመለከት ያገኘው ሁለተኛውን ነበር። በ1971 ጊበንስ ከኪት ሰመርስ ጋር ሆኖ በሐዋይ የመጨረሻውን ማረጋገጫ ጨመረ። የባሕር ጃርት የወንዴ ዘር ጅራትን በትሪፕሲን ኢንዛይም ጥቂት ካስበሉት በኋላ ኤ.ቲ.ፒ. ሲጨምሩበት፣ ቱቦዎቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ሲወጡና ጅራቱ ሲረዝም በዓይናቸው አዩ። ኢንዛይሙ የበጠሳቸው ቱቦዎቹን የሚያያይዙትን ማሰሪያዎች ነው። በጤነኛ ሲሊያ ውስጥ ማሰሪያዎቹ መንሸራተቱን ስለሚገቱት ግፊቱ ወደ መጉበጥ ይለወጣል። ሌቨንሁክ ካየው ሩጫ እስከዚህ መልስ ድረስ ሦስት ምዕተ ዓመት ሊሞላ አምስት ዓመት ብቻ ቀርቶ ነበር።

ፓራሚሲየም እንዴት ወደ ኋላ ይላል?

ሞተሩ ቢታወቅም ማን እንደሚያዝዘው መታወቅ ነበረበት። አሜሪካዊው ኸርበርት ጄኒንግስ በ1906 ባሳተመው መጽሐፉ የፓራሚሲየምን ባሕርይ በዝርዝር መዝግቧል። ፓራሚሲየም ዕንቅፋት ሲገጥመው የሲሊያዎቹን አመታት ገልብጦ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አቅጣጫ ይለውጣል፤ ከዚያም እንደገና ወደ ፊት ይዋኛል። አንጎልም ነርቭም የሌለው አንድ ሕዋስ ይህን ሁሉ ያደርጋል።

በ1969 ዩታካ ናይቶና ሮጀር ኤከርት የፓራሚሲየምን ሽፋን የኤሌክትሪክ ለውጥ በመለካት ምክንያቱን አገኙ። የፊት ጫፉ ሲነካ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል። በ1972 ናይቶና ሂሮሺ ካኔኮ በሳሙና መሰል ኬሚካል ሽፋኑ የፈረሰ፣ ሕይወት የሌለውን ፓራሚሲየም ኤ.ቲ.ፒ. ሰጥተው ወደ ፊት አስዋኙት፤ ካልሲየም ሲጨምሩለት ወደ ኋላ ዋኘ። የአቅጣጫው ትእዛዝ ካልሲየም መሆኑ በዚህ ለየ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የፓራሚሲየምን ሲሊያ ሲላጩት ካልሲየም የማስገባት ችሎታው አብሮ ጠፋ፤ ሲሊያው ሲያድግ ተመለሰ። ካልሲየም የሚገባባቸው በሮች የሚገኙት ሲሊያዋ ራሷ ላይ ነው ማለት ነው። ሲሊያ መቅዘፊያ ብቻ ሳትሆን መልእክት መቀበያም መሆኗን የኩሬው ፍጥረት በዚህ አሳይቶ ነበር። የሕክምናው ዓለም ግን ያን ጊዜ ወደዚያ አልተመለከተም።

በቀኝ ያለ ልብ

የሕክምናው ዓለም ሲሊያን ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። በ1933 የዙሪኩ ሐኪም ማነስ ካርታጌነር፣ በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚታዩ ሦስት ችግሮችን መዘገበ። እነርሱም የማይለቅ የሳይነስ ሕመም፣ የሳንባ ቱቦዎች መስፋትና የውስጥ አካላት በተገላቢጦሽ መቀመጥ፣ ማለትም ልብ በቀኝ ጉበት በግራ መሆኑ ናቸው። ሦስቱን ምን እንደሚያገናኛቸው ለ40 ዓመታት ያህል ግልጽ አልነበረም።

የሚያገናኘውን ያገኘው የባሕር ጃርቱ ተመራማሪ አፍዜሊየስ ነው። ዘራቸው የማይንቀሳቀስ፣ ስለዚህም ልጅ መውለድ ያልቻሉ ወንዶችን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ በ1959 ራሱ የገለጻቸው ክንዶች በጅራቱ ውስጥ አልነበሩም። የመተንፈሻ ቱቦዎቻቸውም አክታ መግፋት አይችሉም። በ1976 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሁሉንም ከአንድ ምክንያት አገናኘ። አክታ ካልተጠረገ ሳንባና ሳይነስ ይመረዛሉ፤ ጅራቱ ካልመታ ዘሩ አይዋኝም። ስለ ልብ አቀማመጥ ደግሞ ደፋር ግምት ሰነዘረ። በፅንስ ውስጥ ያሉ ሲሊያዎች በአንድ አቅጣጫ በመምታት ግራና ቀኝን ይወስናሉ፤ ሲሊያዎቹ ካልመቱ ነገሩ በዕጣ ይወድቃል። እንደዚህ ያለ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ብቻ የአካላት መገላበጥ መታየቱ ከግምቱ ጋር ይስማማል።

ግምቱ ማረጋገጫ እስኪያገኝ 22 ዓመታት አለፉ። በ1998 በቶኪዮ የኖቡታካ ሂሮካዋ ቡድን፣ የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ ሺገኖሪ ኖናካ፣ በአይጥ ፅንስ ላይ ባለች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ሲሊያዎች እየተሽከረከሩ ፈሳሽን ወደ ግራ ሲያፈሱ አሳየ። ሲሊያ የማይበቅልባቸው የተለወጡ አይጦች ላይ ፍሰቱም የለም፤ የአካላቱም ቦታ ሥርዓት የለውም። በ2002 ኖናካና ባልደረቦቹ ፈሳሹን በሰው ሠራሽ መንገድ ወደ ቀኝ አስፈሰሱት፤ የፅንሶቹ አካላት ተገላብጠው አደጉ። ካርታጌነር ያየውን፣ አፍዜሊየስም የገመተውን፣ ሙከራ አጸናው።

ሥራ ፈት የተባለችው ሲሊያ

አሁን ወደ ሁለተኛይቱ፣ ወደማትንቀሳቀሰዋ ሲሊያ እንመለስ። በ1898 በስዊዘርላንድ ካርል ቪልሄልም ሲመርማን በአጥቢ እንስሳት፣ በሰውም ጭምር፣ የኩላሊት ቱቦዎችና ሌሎች አካላት ውስጥ ከእያንዳንዱ ሕዋስ የወጣች አንዲት ብቸኛ ክር ገለጸ፤ ሥዕሏንም ሠራ። ክሯ አትመታም። ሲመርማን መልእክት ለመቀበል ታገለግል ይሆናል ሲል ጻፈ። በዚያው ዓመት ሁለት ሌሎች ሊቃውንት፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ፌሊክስ ሄነጊና ሃንጋሪያዊው ሚሃሊ ሌንሆሴክ፣ ሲሊያ የምትበቅልበት ሥር ሕዋስ ሲከፈል ከሚያገለግለው ሴንትሪዮል ጋር አንድ አካል መሆኑን ለየብቻ አቀረቡ። ዓመቱ ለሲሊያ ጥናት የበለጸገ ነበር።

የሲመርማን ሐሳብ ግን ተከታይ አላገኘም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጥቶ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብቸኛዋ ሲሊያ በየሕብረ ሕዋሱ ስትገኝ፣ መሐል ያሉት ሁለቱ ቱቦዎች እንደሌሏት ታየ። ዘጠኙ ቀለበት አለ፤ መሐሉ ባዶ ነው። ሰርጌይ ሶሮኪን አበቃቀሏን በዝርዝር አጠና፤ በ1968 ዛሬ የምትታወቅበትን ቀዳሚ ሲሊያ የሚለውን ስም ሰጣት። አብዛኛው ተመራማሪ ግን ያልተጠናቀቀች፣ ወይም ከድሮ ዘመን የተረፈች፣ ፋይዳ የሌላት ቅሪት አድርጎ ቆጠራት። የማትመታ ሲሊያ በምን ትጠቀማለች የሚለው ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት መልሱ ተወስኖ ነበር።

ፍርዱን የሻረው ክላሚዶሞናስ የተባለ አረንጓዴ አልጌ ነው። ይህ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት በሁለት ረጃጅም ሲሊያዎች ይዋኛል፤ ቢቆረጡበት በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ መልሶ ያበቅላቸዋል። ጆኤል ሮዘንባምና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ ባደረጉት ጥናት ሲሊያዋ የምታድገው ከጫፏ መሆኑን አሳይተዋል። ሲሊያ ውስጥ ፕሮቲን አይመረትም፤ ስለዚህ የግንባታው ዕቃ ከሕዋሱ ተነሥቶ እስከ ጫፍ መጓጓዝ አለበት። በ1993 በዬል ዩኒቨርሲቲ የሮዘንባም ተማሪ ኪት ኮዝሚንስኪ ይህን ጉዞ በዓይኑ አየ። ከሽፋኑ ሥር ጥቃቅን ቅንጣቶች ወደ ጫፍ በሰከንድ 2 ማይክሮሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ ሲመለሱም ከዚያ ይፈጥናሉ።

የማመላለሻው ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ሲለዩ ያልተጠበቀ ዝምድና ተገኘ። በ2000 ግሪጎሪ ፓዙርና ባልደረቦቹ ያጠኑት አንድ የአልጌው ጂን፣ ኩላሊታቸው በውኃ ከረጢቶች የሚሞላ አይጦች ላይ ተበላሽቶ ከተገኘው ጂን ጋር አንድ ዘር ሆነ። የእነዚያን አይጦች ኩላሊት ሲመለከቱም ቀዳሚ ሲሊያዎቹ አጥረዋል። በዚያው ወቅት በትናንሽ ትሎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የሰውን ተመሳሳይ የኩላሊት በሽታ ከሚያመጡት ጂኖች የአንዱ አቻ በሲሊያ ላይ የሚሠራ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ፋይዳ ቢስ የተባለችው ክር በብዙ ሺሕ ቤተሰቦች ውስጥ ከትውልድ ትውልድ ለሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም ቁልፍ ሆነች።

ከዚያ ወዲህ መዝገቡ በፍጥነት ተሞልቷል። በ2003 የካትሪን አንደርሰን ቡድን፣ ፅንስ ጣቶቹንና የነርቭ ሥርዓቱን በቅርጽ እንዲያበጅ ከሚያዝዙት ዋና መልእክቶች አንዱ በቀዳሚዋ ሲሊያ በኩል እንደሚያልፍ አሳየ። የዓይን ብርሃን ማጣት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የጣቶች መብዛትና የኩላሊት ችግር በአንድ ላይ የሚታዩበት የባርዴት ቢድል ሕመም ከሲሊያ ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀውም በዚያው ዓመት ነው። የኩላሊቷ ሲሊያ የሽንትን ፍሰት ትለካለች ወይስ ሌላ መልእክት ትቀበላለች በሚለው ላይ ግን ክርክሩ አላበቃም። በ2001 የወጣ ጥናት ሲሊያዋ ስትጎብጥ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ እንደሚገባ ሲገልጽ፣ በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት በሲሊያዋ ውስጥ እንዲህ ያለ የካልሲየም ምላሽ አላገኘም።

ከመዝገቡ የሚገኘው ትምህርት

የሲሊያን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የሰውን በሽታ ለማዳን ተነሥቶ ሲሊያን ያገኘ ጥቂት ነው። ማንተን የረግረግ ተክል ታጠና ነበር። አፍዜሊየስና ጊበንስ ከባሕር ጃርትና ከኩሬ ፍጥረት ጋር ነበሩ። ሮዘንባም አልጌ ያሳድግ ነበር። ሥራቸው ለሕሙማን የደረሰው፣ ሕይወት በአንድ ንድፍ የተሳሰረች ስለሆነችና እያንዳንዱ ያየውን በጥንቃቄ ጽፎ ስላኖረ ነው። ባሎቪትስ ትርጉማቸውን ሳያውቅ የቆጠራቸው ክሮች ማንተንን ደግፈዋል። ካርታጌነር ምክንያታቸውን ሳያውቅ የመዘገባቸው ሦስት ምልክቶች ከአፍዜሊየስ ምስል ጋር ሲገናኙ ትርጉም አገኙ።

የሲመርማን ዕጣ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ትክክለኛው ምስልም ትክክለኛው ግምትም በ1898 በእጅ ነበሩ። የጎደለው ግምቱን የሚፈትን ሰው ነበር። የአንድ አካል ሥራ አለመታወቁንና አካሉ ሥራ የሌለው መሆኑን አንድ አድርጎ ማየት፣ ከማንኛውም የመሣሪያ ጉድለት ይልቅ ጥናቱን አዘግይቷል። የተበላሸ ሌንስ በተሻለ ሌንስ ይተካል፤ ሥራ የላትም የሚለው ብያኔ ግን ሌላ ሰው ድፍረት አግኝቶ እንደገና እስኪጠይቅ ድረስ መርማሪውን ከበሩ ይመልሰዋል። ዛሬም በሕዋስ ውስጥ ቅሪት ተብለው የተተዉ ነገሮች አሉ። ከሲሊያ ታሪክ የሚማር ተመራማሪ፣ ስለ እነርሱ ከመፍረዱ በፊት የመመርመር ግዴታ አለበት።